ወደ ቤት ስመለስ ብቻ የሚፈነዳው ጎማ

የመኪና ጎማ ለምን እንደሚፈነዳ ታውቃላችሁ? እኔ አስራ ዘጠኝ ዓመት ከባድ መኪና ነድቼ እስካሁን በቅጡ አላውቅም። ጎሚስታውን ብትጠይቁት ሙቀት ነው ይላችኋል። ትራፊክ ፖሊሱ ጭነት ነው ይላል። ባለመኪናው ሹፌሩ ነው ይላል። ሹፌሩ ደግሞ መንገዱ ነው ይላል። መንገዱ አፍ ስለሌለው ነገሩ እሱ ላይ ተላክኮ ይቀራል።

የእኔ ሥራ ሙዝ ማድረስ ነው። ከአርባ ምንጭ ወጣ ብሎ ላንቴ ላይ አረንጓዴውን እጭንና አዲስ አበባ፣ አንዳንዴም ድሬዳዋ ድረስ እዘልቃለሁ። ስመለስ ብዙ ጊዜ ባዶዬን ነኝ። መኪናው የሐጂ ነው። ሐጂ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ የሚባለው ሰፈር ትልቅ የጅምላ መደብር ያላቸው፣ ሰው የሚያከብራቸው ነጋዴ ናቸው። ታዲያ ዘንድሮ አንድ ነገር ግራ ገባኝ። ሙዝ እስከ አፍንጫው ተጭኖ ሲሄድ ደህና የነበረ ጎማ፣ ባዶውን ሲመለስ፣ ሶዶን አልፎ ምዕራብ አባያ አካባቢ ሲደርስ ቧ ይላል። አንዴ ቢሆን መንገድ ነው እላለሁ። በወሩ ደገመኝ። ያውም አዲስ ጎማ።

የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል፤ ያየኝ ሁሉ ምክንያት አወጣልኝ። አንዱ እየዘፈንክ ስለምትነዳ ነው አለኝ። ሌላው የሆነ ሰው በዓይኑ በልቶሃል አለኝ። እንግዲህ ምኔ ይበላል? ሐጂ ግን አልቀለዱም። እሳቸው ሲቆጡ ድምፃቸው ጭራሽ አይሰማም፤ የዚያን ቀን ጎንበስ ብዬ ነው የሰማኋቸው። አንድ ጊዜ ከደገመ ቁልፉን ታስረክበኛለህ አሉኝ።

ቁልፍ ማስረከብ ለእናንተ ምንም ላይመስላችሁ ይችላል። ብዙ ሰው ለሹፌር ያዝናል። ፀሐዩ፣ አቧራው፣ በየሆቴሉ ትኋን። እውነት ነው፣ ሁሉም አለ። ግን እስቲ ንገሩኝ፤ ሴቻ፣ እዚያው አርባ ምንጭ ላይኛው ሰፈር ካሉት የመንግሥት ቢሮዎች ውስጥ መስኮቱ በየደቂቃው የሚለዋወጥ የትኛው ነው? እኔ ከሶዶ ስወርድ አባያ ሐይቅ ከሩቅ ብቅ ሲል፣ አስራ ዘጠኝ ዓመት ያየሁት ሐይቅ፣ ዛሬም እግሬ ሳላዘው ፍሬን ይነካል። ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሕፃን ሙዝ ሲልጥ ባየሁ ቁጥር፣ ለእናቱ “እኔ ነኝ ያመጣሁት” ልላት ይዳዳኛል። ሥራዬን እወደዋለሁ። ይህን የማይል ሹፌር ካገኛችሁ ገና አዲስ ነው፣ ወይም ሊበደር የመጣ ነው።

እናም ጨነቀኝና ገረሴ ለሚኖሩት ለእናቴ ወንድም፣ ለአጎቴ ለሻንካ ደወልኩ። አጎቴ የተጣላ የሚያስታርቁ የአገር ሽማግሌ ናቸው። ስለ ጎማው ዕድሜ አልጠየቁኝም፣ ስለ ንፋሱም አልጠየቁኝም። “ጎሜ ይኖርብህ ይሆን?” ነው ያሉኝ። ጎሜ በጋሞ ሰው ዘንድ ሳይናገሩት የቀረ በደል ነው። ወጥቶ በሰው ፊት ካልተነገረና ዕርቅ ካልወረደበት፣ መከራው ከቤት አይወጣም ይባላል። እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፤ ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ቁጥር ነው የማምነው። ቁጥሩ ግን ሁለቴ ጉድ ሠርቶኛል። ስለዚህ ሰማኋቸው።

ሰርቀሃል ወይ? አሉኝ። ኧረ የለም። ድንበር ገፍተሃል? መሬት የት አለኝ። እንግዲያው የመንገድ ሰው በደሉ ብዙ ጊዜ ሳይከፍለው የቀረ ምስጋና ነው አሉኝ። ረድቶህ ሳታመሰግነው ያለፍከውን ሰው ፈልግ።

ፈለግኩ። ፍለጋው ራሱ እንዴት እንደሚገርም ብታውቁ። ለካ ሰው የረዱትን ሲቆጥር ኖሮ አያውቅም፤ ያስቀየሙትን ግን ከነቀኑ ይዟል። በመጀመሪያ ትዝ ያለኝ ሶዶ ያለ አንድ ጎሚስታ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ከሱቁ ደጅ መኪና የማነሳበት ክሪክ ወስጄ፣ ነገ እመልሳለሁ በሚል ሐሳብ ሳልነግረው በዚያው ቀርቼ ነበር። ይዤለት ሄድኩ። ክሪኩን ሲያይ አልተቆጣም፤ ቁጭ ነው ያለው። ለካ ሁለት ዓመት ሙሉ የሚስቱን ወንድም ሰርቀኸኛል ብሎ አኩርፎት ኖሯል። ሱቁን እኔ ላይ ጥሎ ሊታረቅ ሮጠ። ለሁለት ሰው ጎማ ንፋስ ሞልቼ ጠበቅኩት።

ቀጥሎ ሁምቦ አጠገብ አንድ ገበሬ ዘንድ ሄድኩ። በአንድ ክረምት ጎማዬ ጭቃ ውስጥ ሰጥሞ፣ ሰውዬው እርሻውን ትቶ ግማሽ ቀን ድንጋይ ሲያመላልስልኝ ውሏል። ስወጣ ታዲያ ብቆም መልሶ ይውጠኛል ብዬ ፈራሁና ጥሩምባ ብቻ ነፍቼለት አለፍኩ። አሁን ፊቱ ቆሜ አመሰገንኩት። ጭራሽ አላስታወሰኝም። ብዙ ሰው እዚህ ይሰጥማል አለኝ። ከመጣህ አይቀር ግን ይችን ሁለት ጆንያ ድንች ሶዶ አድርስልኝ አለኝ። አደረስኩለት። ያን ቀን ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

እንዲህ እያልኩ አዲስ አበባ ደርሼ ተመለስኩ። ልቤ ቅልል ብሎታል። ሶዶ ስደርስ ለሚስቴ ለታደለች ደወልኩላት። ሁሌም ከሶዶ እደውልላታለሁ። የዛሬው እንደ ወትሮው ሁለት ቀን አይደለም፣ ሳምንት ሙሉ አብሬሽ ልቀመጥ ነው አልኳት። እሰይ አለችኝ። ምዕራብ አባያ ሳልደርስ ቧ አለ። ክሪኩንም መልሼዋለሁ። መንገድ ዳር ተቀመጥኩ።

እንደ ምንም አርባ ምንጭ ስገባ ሐጂ እጃቸውን ለቁልፉ ዘረጉ። ለመንኳቸው፤ ነገሩን ሽማግሌ ይዞታል፣ አንድ ጉዞ ብቻ አልኳቸው። ሐጂ ሽማግሌ ሲባል ይሸነፋሉ። እጃቸውን መልሰው ኪሳቸው ከተቱ። አጎቴም በስልክ ይህን ሲሰሙ፣ በል ሚስትህን ይዘህ ና አሉ።

ገረሴ ወጣን። አጎቴ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ደጃፋቸው ላይ ለዕርቅ የሚያዘውን እርጥብ ሳር ይዘው ተቀምጠዋል። ያልተመሰገነ ሰው ቀርቷል ወይ? አሉኝ። እኔም አስቤበት ነበርና ተነሥቼ፣ አዎ፣ አንድ ቀርታለች አልኩ። አስራ ዘጠኝ ዓመት ቤቴን የጠበቀች፣ መምጫዬን በናፍቆት የምትቆጥር ሚስቴን አመስግኛት አላውቅም ብዬ በሰው ፊት አመሰገንኳት። ታደለች ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ያለቀሰች መሰለኝ። ከነጠላው ስትወጣ ግን ዓይኗ ደረቅ ነው።

“አባቶቼ፣ እሱ ምንም የለበትም” አለች። “ከሶዶ ደውሎ ‘መጣሁ’ ሲለኝ፣ ‘ጌታዬ፣ ትንሽ አቆይልኝ’ እላለሁ። ጎማ ግን አላልኩም። ጎማውን የመረጠው እሱ ራሱ እግዚአብሔር ነው።”

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ይመታሻል? በጭራሽ። ይጠጣል? ኧረ አይቀምስም። ታዲያ? አሏት። ታደለችም ዘረገፈችው። ቤት ሲገባ ከመኪናው አይወርድም አለች። ሊነጋጋ ሲል ቤቱን በሙሉ ይቀሰቅሳል። የጋዝ ሲሊንደሩን እንደ ጎማ በጫማው ይመታል። ባልዲ ተሸክሜ በበር ስገባ ከኋላዬ ቆሞ “ና ና ና፣ ግራውን ስበረው” ይለኛል። በሁለተኛው ቀን ቤቴ ይጠበኛል፤ ሲሄድ ግን መልሶ ይናፍቀኛል አለች።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከፋኝ። ያን ሁሉ መንገድ ስነዳ የሚጠብቀኝ ሰው አለ ብዬ ነበር። አጎቴ ወደ እኔ ዞሩ። “አንተስ?” አሉኝ።

በዚያ ደጃፍ መዋሸት አይቻልም። እኔም ቤት በገባሁ ማግሥት ትናንት ያጠብኩትን መኪና እንደገና እንደማጥብ ተናገርኩ። ሙዙ ደረሰ ወይ እያልኩ ለጫኞቹ ከጓሮ ተደብቄ እንደምደውልም ተናገርኩ። ከቤት ስወጣ አዝኜ ነው፤ ግን ላንቴ ሳልደርስ ማፏጨት እጀምራለሁ አልኩ። ታደለች ዞራ አየችኝ። መጀመሪያ እሷ ሳቀች፣ ከዚያ እኔ፣ ከዚያ ሽማግሌዎቹ። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ይባል የለ? አንድ ነገር እየወደድን፣ አንዳችን ካንዳችን ደብቀን ኖረናል። ሥራዬን የምወደው እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ እሷም ስታመሰግንበት ኖራለች። አጎቴ ሳሩን ሰጥተው መረቁን። እሷን፣ አቆይልኝ የሚለውን ጸሎት ተዪ አሏት። እኔን፣ ሹፌሩን ከጫማህ ጋር በር ላይ አውልቀህ ግባ አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ አምስት ጊዜ ተመላልሻለሁ፤ አንድም ጎማ አልፈነዳም። ጎሚስታው ክረምት ስለገባ ነው፣ መንገዱ ቀዝቅዟል ይላል። እኔ እንጃ። ሐጂ ግን በጣም ደስ አላቸው። ባለፈው ጠርተውኝ፣ በሚሰማ ድምፅ፣ ጎበዝ ሹፌር ማረፍ አለበት፣ ከእንግዲህ በየወሩ አንድ ሳምንት ቤትህ ትቀመጣለህ አሉኝ።

ለታደለች ነገርኳት። ሐጂን አላህ ዕድሜ ይስጣቸው ብላ ነጠላዋን አነሣች። ወዴት ነው? አልኳት።

“ገረሴ፣ አጎትህ ጋ” አለችኝ። “ጎሜውን ሳልሠራው ቀድሜ ልናገር።”