ሽማግሌ የማታወርድ መኪና

ፈጣን መኪና የሚሠሩ ሰዎች ሰላምታ በሌለበት አገር ያደጉ መሆን አለባቸው! ባይሆንማ ኖሮ፣ መንደር በመጣ ቁጥር መስኮቱን ዝቅ አድርጎ የከብቱን፣ የዝናቡንና የልጆቹን ደህንነት ለሚጠይቅ ሰው ያን ሁሉ የፈረስ ጉልበት ባላሸከሙት ነበር።

እኔ ግን መኪና እወዳለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ይህን ስል የሚስቁ አሉ... ይሳቁ። ነጭ ቮልስ አለችኝ፤ ዘይቷን የምቀይረው ራሴ ነኝ። "ለምን አትሸጫትም?" ይሉኛል። በእኛ አገር ሰው ሲያረጅ ይረክሳል፣ ቮልስ ስታረጅ ትወደዳለች። ከሁለታችን የቷ መሸጥ እንዳለባት እናንተው ፍረዱ።

የወንድሜ ልጅ ሰዒድ አዲስ አበባ ይነግዳል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቀይ፣ ባለ ሁለት በር፣ ሆዷ አስፋልቱን ሊልስ ምንም ያልቀረው መኪና እያስጓራ ከሚሴ ገባ። የመጣው ሰንበቴ ላለችው ለራህማ ሽማግሌ ሊልክ ነው። አባቷ ሐጂ ሙሳ የከብት ነጋዴ ናቸው፤ አንዴ እምቢ ካሉ ተመልሶ መጠየቅ እንደሌለ አገር ያውቃል።

"አዳዳ" አለኝ፤ የአባት እህት በእኛ ዘንድ እንዲህ ነው የምትጠራው። "ሽማግሌዎቹ በዚህች መኪና ይሂዱ። ሐጂ ሙሳ ይዩዋት።"

"ማን ይነዳታል? አንተ እንደሆን አትሄድም።" የሚያገባው ራሱ ከሽማግሌ ጋር አይሄድማ!

ሰዒድ ቁልፉን ዘረጋልኝ። መንጃ ፈቃዴን መቼ ከመሳቢያ እንዳወጣሁት አላስታውስም፤ ብቻ እጄ ላይ ነበር።

ከሦስቱ ሽማግሌዎች ሼህ እንድሪስ ከፊት ተቀመጡ። አያ ይመርና አያ ሀሰን ከኋላ ገቡ። ገቡ ስል ታጠፉ ማለቴ ነው፤ ያ የኋላ ወንበር ለኮት እንጂ ለሰው የተሠራ አይደለም።

"ዘሀራ፣ ጉልበቴ ጆሮዬን ነካው!" አሉ አያ ይመር።

"ያንተ እንኳን ተገኝቷል፤ የኔ ጉልበት የት እንዳለ አላውቅም" አሉ አያ ሀሰን።

አንዴ ብቻ ነዳጁን ረገጥ አደረግሁት። መኪናዋ ስትስፈነጠር ሼህ እንድሪስ ዳሽቦርዱን በሁለት እጃቸው ያዙት። "ቀስ በይ! ማዶ ሰው አለ፤ ሰላም ሳንለው ብናልፍ ምን ይለናል?" ቆምን። "አካም ቡልታን?" "ነጋያ!" በኦሮምኛ እንዴት አደራችሁ፣ ደህና ተባባልን። ትንሽ ሄድን... ደግሞ ቆምን። አህያ የጫነ ገበሬ ደጋግሞ ቀደመን። በመጨረሻ እሱንም ሰላም አልነው።

ሰንበቴ ስንደርስ ሐጂ ሙሳ ከዘመዶቻቸው ጋር በር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። እንግዲህ ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚጠይቀው። ተቀመጡ ቢባል እንኳ ነገሩ ሳይሰማለት አይቀመጥም። በሮቹን ከፈትኩ። ማንም አልወጣም። አያ ይመር ሞከሩ፣ ተመልሰው ዘፍ አሉ። ሼህ እንድሪስ አንድ እግራቸውን አውጥተው ሌላውን ይፈልጋሉ...

"ቆሞ የሚጠይቅ ሽማግሌ አውቃለሁ" አሉ ሐጂ ሙሳ፤ "ተኝቶ የሚጠይቅ ግን ዛሬ ገና ማየቴ ነው።"

ሰዉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። የሰዒድ ትዳር እዚያ ወንበር ላይ ተጣብቆ ቀርቷል።

ሐጂ ሙሳ መኪናዋን እንደ ጊደር ዞር ዞር ብለው አዩዋት። "ስንት ኩንታል ትጭናለች?"

"ሁለት ሰውና አንድ ቦርሳ" አልኩ።

"ሆዷ ግን መሬት ደርሷል። ልትወልድ ነው እንዴ?"

ቢሆንም ሽማግሌ ሲቸገር ቆሞ ማየት ነውር ነውና ጎንበስ ብለው ለሼህ እንድሪስ ቀኝ እጃቸውን ሰጡ። ሼህ እንድሪስም እጁን በሁለት እጃቸው ጥርቅም አድርገው ያዙና... ባሉበት ቀሩ! በሰንበቴ የከብት ገበያ ሻጭና ገዢ እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ነው የሚከራከሩት፤ ቀድሞ እጁን የነጠቀ ነገሩን አፈረሰ ማለት ነው። ለከብት ነጋዴ ደግሞ ይህ አይነገረውም።

"ሐጂ ሙሳ፣ ልጅዎን ራህማን ለልጃችን ለሰዒድ ይስጡን።"

"መጀመሪያ ይውጡ!"

"መጀመሪያ ይስጡን።"

"ኧረ ወገቤ!"

"የኔም ወገብ ነው!"

"ሐጂ፣ ስለ አላህ ብለው ይስጡን፤ እግሬ ደንዝዟል!" አሉ አያ ይመር ከኋላ።

ይሄኔ የሐጂ ሙሳ ባለቤት ከግቢው ውስጥ ድምፃቸውን አሰሙ። "ልጅቷ እንደሆነች ከተስማማች ቆይታለች! አንተ ወገብህን አድን!"

ሐጂ ሙሳ ጥቂት አቃሰቱ። "ሰጥቻለሁ!" አሉ።

ሼህ እንድሪስ እንደ ጎረምሳ ዘለው ወጡ። እኔ ምንም አልተናገርኩም፤ እናንተም አትናገሩ።

ዱዓው ተደረገ፣ ተበላ፣ ተመረቀ። ስንመለስ ሦስቱም በአንድ ድምፅ "እኛ በሚኒባስ!" አሉ። ስለዚህ መንገዱ ለእኔና ለመኪናዋ ብቻ ቀረ። በስንት እንደነዳሁ አልጽፍም፤ ትራፊክ ፖሊሶችም ጋዜጣ ያነባሉ።

ሰዒድ ከሚሴ መግቢያ ላይ ቆሞ ሲቁነጠነጥ አገኘሁት። ሽማግሌዎቹን ከመኪናው ውስጥ ሲያጣ ክው አለ።

"አዳዳ! ምን አሉ?"

"ፍሬኗ ጥሩ ነው" አልኩት።

"አዳዳ፣ በአላህ!"

"ኩርባ ላይም አትንሸራተትም።"

"ሰጡኝ ወይስ አልሰጡኝም?"

ሞተሩን አጠፋሁ።

"ሰጥተውሃል" አልኩት። "ቁልፉ ግን እስከ ሰርጉ እኔ ጋ ይቆይ።"