«ታረቁ» የሚሉት ኃላፊ

ቢሮ ገብታችሁ «ተበደልኩ» ስትሉ «ታረቁ» የሚል ኃላፊ ገጥሟችሁ ያውቃል? ካልገጠማችሁ ቡታጅራ ኑ። የፖሊስ በደል የሚመረምረውን መሥሪያ ቤት የሚመሩት ጋሽ ደሳለኝ፣ ስማቸው መርማሪ ይሁን እንጂ ሽምግልና ነፍሳቸው ነው። ጅብና አህያ ቢጣሉ እንኳ ወንበር ስበው መሀል ይቀመጣሉ።

ባጃጅ ነጂውን ወንድሜን አንድ ፖሊስ መናኸሪያው በር ላይ በጥፊ አጩሎት መንጃ ፈቃዱን ነጠቀው። ኋላ ሲጠየቅ «ልጁንም አላውቀው፣ መንጃ ፈቃዱንም አላየሁ» ብሎ ካደ። ምስክር የለም። ወንድሜ ሥራ ፈትቶ ቤት ተቀመጠ። እኔ ተናድጄ ጋሽ ደሳለኝ ዘንድ ሄድኩ።

«የኔ ልጅ፣ ሽማግሌ ይቀመጥ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ሽምግልና ቢያምረኝ ሰፈሬ ሞልቶ የለም እንዴ? ምርመራ ነው የፈለግኩት!»

«አንቺ ችኩል!» ብለው ሳቁብኝ።

ፖሊሱ እርቅ መሆኑን ሲሰማ ደስ ብሎት መጣ። በእኛ አገር ደግሞ በዳይ በደሉን በአፉ ሳይናገር እርቅ አይወርድም።

«በል፣ ምን አጠፋህ?» አሉት አንዱ ሽማግሌ።

«በጥፊ መትቼዋለሁ፤ ይቅር ይበለኝ» አለና መንጃ ፈቃዱን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠ።

ወንድሜ ይቅር አለው፤ ሽማግሌዎቹ መረቁ። ጋሽ ደሳለኝ ከሁሉ ጮክ ብለው አሜን ካሉ በኋላ ወደ ፖሊሱ ዞሩ።

«ልጁ ታርቆሃል። መሥሪያ ቤቴ ግን ገና አልታረቀህም፤ ነገ ጠዋት ቢሮ እንገናኝ።»

ወደ ቤት የተመለስነው በባጃጁ ነው። ወንድሜ እንዳበደ ሲነዳ ለመጀመሪያ ጊዜ «ቀስ በል» አላልኩትም።