ከቅኝት የወጣው ማሽን

በአገራችን ቅጽ የማይጠይቀው ነገር የለም። የአያት ስም ይጠይቃል፣ የቤት ቁጥር ይጠይቃል፣ የቅርብ ተጠሪ ይጠይቃል። አንዳንዱ ደፋር ቅጽ ደግሞ ወረቀቱ ሊያልቅ ሲል «የትርፍ ጊዜ ዝንባሌ» ብሎ አንዲት መስመር ይተዋል። እዚያች መስመር ላይ ስንደርስ ሁላችንም አንድ ዓይነት ሰዎች እንሆናለን። «ማንበብ» ብለን እንሞላለን። በዓመቱ ውስጥ ያነበብነው ነገር ያው ቅጽ ብቻ ቢሆንም፣ ማንበብ ነው ዝንባሌያችን።

እኔም «ማንበብ» እያልኩ ሃምሳ ዓመት ሞላኝ። እውነቱን ለእናንተ ልንገራችሁ፦ አኮርዲዮን እጫወታለሁ።

ምን ያስደብቃል ትሉ ይሆናል። እኛ ሰፈር ሙዚቃ ያለው ወይ መድረክ ላይ ነው፣ ወይ ቤተ ክርስቲያን። መድረክ ላይ የሚጫወተው ይከፈለዋል፣ ቤተ ክርስቲያን የሚጫወተው ይባረካል። ሳይከፈለውም ሳይባረክም፣ ሽበት አብቅሎ፣ በር ዘግቶ ለራሱ የሚጫወት ሰው ግን ምን ይባላል? ስም አልወጣለትም። ስም ያልወጣለት ነገር ደግሞ ወሬ ይወጣለታል። «ጴጥሮስ ምን ሆኖ ነው? ቤቱ ሰላም አይደለም እንዴ?» መባል ይመጣል። ቤቴ ሰላም ነው። ባለቤቴ ጆሮዋን በትራስ መያዝ ከተማረች ዓመታት አልፈዋል።

አኮርዲዮኑ ሚዛን ከተማ ውስጥ የምዘምርበት መዘምራን ኅብረት ንብረት ነበር። ኅብረቱ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ኪቦርድ ሲገዛ፣ እሱ ከተሰበሩ ወንበሮች ጋር ዕቃ ቤት ተጣለ። ለምኜ ወሰድኩት። ወናፉን አይጥ በልቶት ስለነበር በአሮጌ የቆዳ ጃኬቴ ጠጋገንኩት። እስከ ዛሬ ስስበው መጀመሪያ የሚወጣው ዜማ ሳይሆን ሳል ነው፤ ከሳሉ በኋላ ግን ይዘምራል። እንግዲህ ቀን ቀን ሥራዬ የቡና መቀሸሪያ ማሽን ማደስ ነው፤ የደረቀ ጀንፈል ገፍፎ ፍሬውን የሚያወጣውን ማሽን ማለቴ ነው። የገበሬዎች ዩኒየን ቴክኒሻን ነኝ። አመሻሽ ላይ ደግሞ እጄን በኦሞ ታጥቤ፣ ግራሶው ሙሉ በሙሉ ሳይለቅ፣ አኮርዲዮኔን እታቀፋለሁ።

ታዲያ ባለፈው የቡና ወቅት ሚዛን አማን ላይ የቴክኖሎጂ ኤግዚቢሽን ተከፈተ። ሁለት ቀን የሚቆይ። ሜዳው ላይ ድንኳን በድንኳን ሆነ። በፀሐይ የሚሠራ ፓምፕ መጣ፣ ቅጠል ፎቶ ሲነሣ በሽታውን የሚናገር ስልክ መጣ፣ ከላይ ሆኖ ማሳ የሚያይ ድሮን መጣ። ድሮኑ ሲነሣ የአማን ውሻ ሁሉ ጮኸ። ሕዝቡም ከጌጫ ድረስ በሚኒባስ እየተጫነ መጣ፤ ግማሹ ሊያይ፣ ግማሹ በነፃ የሚታደለውን ኮፍያ ሊያደርግ።

የዩኒየናችን ሊቀ መንበር አቶ አድማሱ ግን ለኮፍያ አልመጡም። ማሽን ሊገዙ ነው የመጡት። ያለን መቀሸሪያ አርጅቶ፣ ፍሬ መስበር ጀምሮ፣ ገበሬው «ቡናችንን ዱቄት አደረጋችሁት» እያለ በየስብሰባው ይነሣብን ነበር። ዩኒየኑ ለብዙ ዓመት ያጠራቀመውን ይዞ አንድ ጥሩ ማሽን ሊገዛ ወስኗል። ሁለተኛ ዕድል የለውም። እኔን ደግሞ «አንተ ዓይተህ እሺ ካልክ እፈርማለሁ» አሉኝ። ትከሻዬ ላይ ስንት ሺህ ገበሬ እንደተቀመጠ አስቡት።

ማሽኑ ትልቁ ድንኳን ውስጥ ነበር፤ አዲስ፣ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ፣ ጎኑ ላይ እንደ ቴሌቪዥን ያለ ስክሪን የተለጠፈበት። የሚያስረዳው ናሆም የሚባል ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት መሐንዲስ ነው። ሥርዓት ያለው ልጅ ነው፤ ሲናገር ግን ሰው ሳይሆን ስክሪኑን እያየ ነው የሚናገረው። «ማሽኑ ራሱን ያውቃል» አለን። «ሙቀቱን፣ ፍጥነቱን፣ ንዝረቱን ራሱ ይለካል። ችግር ካለ ይሄ ቀይ ይሆናል።» ከዚያ አስነሣው።

ሰው አጨበጨበ። እኔ ግን እጄ አልተነሣም።

ምክንያቱም ማሽኑ ሁለት ድምፅ ነበረው። እንዴት ልንገራችሁ… አኮርዲዮን ውስጥ አንድን ድምፅ የሚያወጡ ጥንድ ጥንድ ቀጫጭን የብረት ምላሶች አሉ። ሁለቱ በትክክል ካልገጠሙ፣ ድምፁ ቀጥ ብሎ አይወጣም፤ ው…ው…ው… እያለ ይርገበገባል። ማሽኑም ከጉርምርምታው ሥር እንደዚያ ይል ነበር። ከአንድ ዘንግ ላይ አንድ ድምፅ ነው የሚጠበቀው። ሁለተኛው ከየት መጣ?

ዞር ስል አጠገቤ የቆመችው ወይዘሮ ዘቢባ ናት። ወይዘሮ ዘቢባን የማያውቅ የቡና ሰው በእኛ አካባቢ የለም። ቤተሰቧ ከጅማ አካባቢ መጥቶ ቴፒ ላይ ሱቅ የከፈተ፣ እሷ ግን ሱቁን ትታ የቡና ጥራት መርማሪ የሆነች ሴት ናት። እፍኝ ቡና ከጆንያ ዘግና አሸትታ ስትመልስ፣ የመኪናው ሾፌር ፊቷን ዓይቶ ሞተሩን ያስነሣል፤ ይዞ ሊመለስ። ስትስቅ ያያት ካለ እኔ አላገኘሁትም።

ያን ሰዓት ግን ፊቷን ሳይሆን እጇን ነበር ያየሁት። ከሻርፗ ሥር አውራ ጣቷና ሌባ ጣቷ አየር ላይ አንድ የማይታይ ነገር ቀስ አድርገው ያጠባብቃሉ። ጠበቅ፣ ላላ፣ ጠበቅ። ይህን እንቅስቃሴ አውቀዋለሁ። የላላ ክር የሚያጠብቅ ሰው እጅ ነው።

«ክራር ይመታሉ?» አልኳት በጆሮዋ።

ደነገጠች። እጇን ወደ ሻርፗ ሰበሰበች። ከዚያ የእኔን ግራ ክንድ ከላይ እስከ ታች ዓየችው። ለካ እኔም ሳላውቀው ክንዴ ሲከፈት ሲዘጋ፣ ሲከፈት ሲዘጋ ኖሯል።

«እርስዎስ? ክንድዎ ምን ሆኖ ነው?»

«አኮርዲዮን።»

ቴፒና ሚዛን ስንት ኪሎ ሜትር ነው? ስንት ጊዜ በሥራ ተገናኝተናል፣ ስንት ጊዜ ስለ ቡና እርጥበትና በመሐሉ ስለሚገኝ ድንጋይ ተከራክረናል! እሷም እንደ እኔ በር ትዘጋ ኖሯል። ኋላ እንደነገረችኝ፣ ክራር የተማረችው ኮሌጅ እያለች አንድ ክፍል አብራት ከኖረች ልጅ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሳትመታ የዋለችበት ሳምንት የለም። ለምን ትደብቂያለሽ ስላት «ክራር ስመታ የታየሁ ቀን ማን ነጋዴ ይፈራኛል?» ብላኛለች።

«ሰምተውታል?» አለችኝ ወደ ማሽኑ በአገጯ እያመለከተች።

«ሁለት ነው።»

«ሁለት ነው። አንዱ እየወረደ ነው።»

ይሄኔ አቶ አድማሱ ብዕራቸውን አውጥተው ወደ እኔ ዞሩ። «እህ፣ ጴጥሮስ? ልፈርም?»

አሁን የምነግራችሁን ብዘለው ደስ ባለኝ። አፌን ከፈትኩ። ድንኳኑ ሙሉ ሰው ነው፤ የወረዳው ሰዎች አሉ፣ የዩኒቨርሲቲ መምህራን አሉ፣ የመዘምራን ኅብረታችን ሰብሳቢ አሉ። በምን አወቅህ ቢሉኝ ምን ልል ነው? በአኮርዲዮን? ስክሪኑ ላይ ሁሉም አረንጓዴ ነው። «ጥሩ… ጥሩ ይመስላል» ብዬ አጉተመተምኩ። ሃምሳ ዓመት ኖሬ እንደዚያች ቃል ያሳፈረኝ ቃል የለም።

«አይፈረምም!» አለች ወይዘሮ ዘቢባ።

ናሆም በትሕትና ስክሪኑን አሳያት። «እትዬ፣ ሁሉም ደህና ነው እኮ። በምን አወቁ?»

ዓይኗን ወደ ሻርፗ ዝቅ አደረገች። ስታስብ ሳይሆን፣ አንድ ነገር ስትሰናበት ይመስል ነበር። ከዚያ አገጯን ቀና አድርጋ «ክራር እመታለሁ» አለች። «ሁለት ክር ሊገጥም ጥቂት ሲቀረው እንደዚህ ይርገበገባል። ይሄ ማሽን ከቅኝት ወጥቷል።»

ሰው ሳቀ። ከኋላ አንዱ «በምን ቅኝት ነበር መሆን ያለበት? በባቲ ነው በትዝታ?» ብሎ ጮኸ፤ ሳቁ ባሰ። እሷ ግን ንቅንቅ አላለችም። ያቺ ሳቅ የማታውቅ ሴት፣ የምትፈራበትን ስሟን በሙሉ ለማታውቃቸው ገበሬዎች ብላ ሜዳ ላይ አፍስሳ፣ ብቻዋን ቆማለች።

ያኔ እግሬ ሳልነግረው ተራመደ። «እኔም አኮርዲዮን እጫወታለሁ» አልኩ። ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ጮኸ። «ልክ ናት። ቅድም ፈርቼ ነው። አቶ አድማሱ፣ ብዕርዎን ይክተቱ።»

«የዩኒየናችን ቴክኒሻን ሙዚቀኛ ነው እንዴ?» አሉ አቶ አድማሱ። የሚናደዱ ይሁን የሚስቁ አልለየላቸውም። ብዕሩን ግን ከተቱት።

ከናሆም ረጅም ካቻቪቴ ተቀበልኩ። ጫፉን ማሽኑ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ከሞተሩ ጀምሬ ወደ ጫፍ ሄድኩ። ዘቢባ ተከተለችኝ፤ እኔ ስሰማ እሷ ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች። አራተኛው ቦታ ላይ ስደርስ ሁለታችንም እኩል «እዚህ!» አልን።

ናሆምን አመሰግነዋለሁ። ሌላ ቢሆን ይከራከር ነበር፤ እሱ ማሽኑን አጥፍቶ ሽፋኑን ፈታ። የዘንጉን ጫፍ ይዞ የሚያሽከረክረው ኩሽኔታ የታሰረበት ብሎን ላልቶ ነበር። ከአዲስ አበባ እዚህ ድረስ በጭነት መኪና ሲንገጫገጭ መጥቶ የላላ ነው። ዘንጉ ዘምሞ ኩሽኔታው ግራሶውን ተፍቶ እጅ አያስነካም ነበር፤ ቡና ቢገባበት ኖሮ በሳምንቱ ዘንጉን ይዞት ይሰበር ነበር። ንዝረት የሚለካው ነገር የተገጠመው በሞተሩ በኩል ነው፤ ወዲያኛው ጫፍ ድረስ አይሰማም። ናሆም የጋለውን ኩሽኔታ ዓየ፣ አረንጓዴውን ስክሪን ዓየ፣ እኛን ዓየ። «ማስታወሻ ልያዝ» አለና ደብተሩን አወጣ።

አሁን ማንም አልሳቀም። ከሸኮ የመጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ መጡና የዘቢባን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ። አማርኛቸው ብዙ አይደለም። «ጆሮሽ ይኑር» አሏት፤ ሌላ አልጨመሩም። እሷ ፊቷን አዞረች። ዓይኗ ውስጥ የገባው አቧራ ነው ብላ እስከ ዛሬ ትምላለች።

በማግስቱ፣ የኤግዚቢሽኑ መዝጊያ ላይ፣ አዘጋጆቹ እንድንጫወት ለመኑን። ዘቢባ ክራሯን በጋቢ ጠቅልላ ከቴፒ በጠዋት ሚኒባስ አመጣችው። እኔም አኮርዲዮኔን ለመጀመሪያ ጊዜ በጠራራ ፀሐይ በዋናው መንገድ ተሸክሜ ሄድኩ። ጎረቤት ሁሉ ቆሞ ዓየ። ይይ አልኩ በልቤ።

አኮርዲዮን እንደ ክራር አይቃኝም፤ በተሠራበት ድምፅ ነው የሚኖረው። ስለዚህ እሷ ናት ክሯን እያጠበቀች ወደ እኔ የመጣችው። «በሥራዬ ለማንም እንዲህ ተጠግቼ አላውቅም» አለችኝ። መጀመሪያ አኮርዲዮኔ እንደ ልማዱ ሳሉን አስቀደመ፤ ሰው ፈገግ አለ። ከዚያ አንድ የቤንች የሰርግ ዜማ ጀመርን፣ ከዚያ እሷ ከአባቷ አገር ያመጣችውን አስከተለች፣ እኔ ከሥር ተከተልኳት። ሁለት ቦታ ተሳሳትኩ። ሁለቱንም ጊዜ ሳታቆም በዓይኗ ጎሽማ መለሰችኝ። የሸኮው ሽማግሌ ተነሥተው ትከሻቸውን ነቀነቁ፤ ድንኳኑ ተከተላቸው። ባለቤቴ ከኋላ ወንበር ላይ ቆማ፣ ያለ ትራስ፣ «የእኔ ነው! የእኔ ነው!» ስትል ሰማኋት። አንዱ ሰው «አኮርዲዮኑ ነው ያንቺ?» አላት። «ሰውዬው!» አለችው። እንደዚያ ቀን ደረቴ ሰፍቶ አያውቅም፤ የአኮርዲዮኑ ማንገቻ ጠበበኝ።

ማሽኑ ተጠግኖ፣ በደንብ ተፈትሾ፣ ተፈርሞለት ተገዛ። አሁን ሲሠራ ቀጥ ያለ አንድ ድምፅ ነው ያለው። እኔና ዘቢባም «አንተ፣ አንቺ» ተባብለን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ጊዜ ቴፒ እሷ ቤት፣ አንድ ጊዜ ሚዛን እኛ ቤት፣ በር ከፍተን እንጫወታለን። ነጋዴዎቹ እንደ ድሮው ይፈሯታል፤ እንዲያውም አሁን «ቡናውን በጆሮዋም ታውቀዋለች» እያሉ ነው።

ዝናችንም አዲስ አበባ ደረሰ። ባለፈው ወር፣ ቅዳሜ ከሰዓት እየተጫወትን ሳለ፣ ናሆም ደወለ። «ጋሼ፣ አንድ አዲስ ማሽን አስነሥቻለሁ። እስቲ ሁለታችሁም ስሙልኝ» ብሎ ስልኩን ወደ ማሽኑ አስጠጋው። ክራሩን አስቀመጥን፣ አኮርዲዮኑን አስቀመጥን፣ ድምፁን ከፍ አድርገን ጆሯችንን ደቀንን። የተጠየቀ ባለሙያ ፊት እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ እንደዚያ ሆነን።

«ከመሐል ያለው ዘንግ ነው፤ ዝቅ ብሏል» አልኩ።

«ምን ዝቅ አለ? ከፍ ብሏል እንጂ! ቀበቶው ከልክ በላይ ጠብቋል» አለች ዘቢባ።

ተከራከርን። እሷ ክራሯን አንስታ ድምፁን ልታሳየኝ ሞከረች፣ እኔ በአኮርዲዮን መለስኩላት። ሩብ ሰዓት ያህል እንደሄድን ናሆም በትሕትና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ይቅርታ እትዬ። መብራት ስለጠፋ ማሽኑ ከቆመ ቆየ። የምትሰሙት የጎረቤታችንን ጄኔሬተር ነው።»

ተያየን። ከዚያ ዘቢባ ስልኩን ከጠረጴዛው ላይ ብድግ አደረገችና፣ ያቺን ነጋዴ የምትመልስበትን ድምፅ አውጥታ፣ «ጎረቤታችሁ ያስፈትሸው!» አለችው።

አስፈተሸው። ምንም አልነበረበትም።