ከኋላ ያለ አይቆጠርም

ጠመኔ ድንጋይ ይቆፈርበት የነበረ አሮጌ ካባ ባለበት መንደር ሁሉ፣ ሰው በዓይኑ ያየውን ቢራቢሮ «አላየህም» ብሎ የሚያሳምን አንድ ሽማግሌ አይጠፋም። ደቡብ እንግሊዝ የታደለ አገር ነውና ለየመንደሩ አንድ አንድ ደርሶታል። ለእኛ የደረሱን ሊቀ ቢራቢሮ ሚስተር ክሌመንት ሁድል ናቸው።

ሦስት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ካባው ውስጥ ቢራቢሮ ሲቆጥሩ ተከትያቸዋለሁ፤ ያወቅሁት ነገር ቢኖር አለማወቄን ነው። የመጀመሪያው ቀን አንዲት ቢራቢሮ አየሁና «ቡናማ!» ብዬ ጮህኩ።

«ሰማያዊ ናት» አሉ፣ ዞር ብለው እንኳ ሳያዩኝ።

«ኧረ ቡናማ ናት፣ ሚስተር ሁድል!»

«የሰማያዊው ሴቷ ቡናማ ናት።»

«እሺ፣ ያቺኛዋስ? እሷም ቡናማ ናት።»

«እሷ ትንሿ ሰማያዊ ትባላለች። የእሷ ወንዱም ቡናማ ነው።»

«ታዲያ ሰማያዊ ያላት ማን ነው?»

«የሚያውቅ ሰው!»

ያን ቀን ቤቴ ገብቼ የገዛ ሸሚዜን ቀለም ተጠራጠርኩ። እኔስ ተሽዬ ነው፤ የፖስታ ቤቷ ቤሪል ጓሮዋ ውስጥ ብርቅ ቢራቢሮ አየሁ ብላ ብትጠራቸው «ያየሽው አበባ ነው» ብለዋት አራት ወር አኩርፋቸዋለች።

ቆጠራው ደግሞ ሥርዓት አለው። በዝግታ እየሄዱ፣ ከፊት አምስት ሜትር፣ ከግራና ከቀኝ ሁለት ሜትር ተኩል። ከዚያ ወዲያ ዝሆን ቢበርም አይመዘገብም። «ከኋላ ያለ አይቆጠርም» ይላሉ፣ በየመቶ እርምጃው። እርሳሱንም ከእሳቸው በቀር የነካው ሰው የለም።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ከበደ። የካባው ባለቤት በፍርስራሽ ሊደፍነው ተነሣ። የወረዳው ምክር ቤትም «አዶኒስ የተባለው ሰማያዊ ቢራቢሮ በዘንድሮው ቆጠራ ከተመዘገበ አይደፈንም» አለ። አዶኒስ እዚያ ከታየ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ሊቀ ቢራቢሮ ምግብ አልበላ አላቸው።

የመጨረሻው ቆጠራ ሊያልቅ ሃያ እርምጃ ሲቀረው፣ አንድ ሰማያዊ ነገር መጥቶ ባርኔጣቸው ላይ፣ በስተኋላ በኩል አረፈ።

«ሚስተር ሁድል፣ እንዳይንቀሳቀሱ! ባርኔጣዎ ላይ ነው!»

ቀጥ አሉ። «የክንፉ ጠርዝ ነጭ ነው?»

«ነጭ ነው።»

«ነጩን ጥቁር መስመር ይቆራርጠዋል?»

ተጠጋሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ አየሁ ያልኩት ሁሉ ሌላ ነገር ሲሆን ኖሯልና ዓይኔን ማመን አቃተኝ። «ይቆራርጠዋል... መሰለኝ።»

«መሰለኝ አይመዘገብም!»

«ይቆራርጠዋል! ሰማያዊነቱም ዓይን ይወጋል!»

ቀስ ብለው፣ «ከኋላዬ ነው። አይቆጠርም» አሉ።

«በፈጣሪ! ካባው ሊደፈን ነው እኮ!»

«ለእኔ አይቆጠርም።» ፊታቸውን ሳያዞሩ መዝገቡንና እርሳሱን ወደ ኋላ ዘረጉልኝ። «ለአንተ ግን ከፊትህ ነው። ከዚህች እርምጃ ጀምሮ ቆጣሪው አንተ ነህ። ጻፍ!»

ተቀብዬ «አዶኒስ፣ 1» ብዬ ጻፍኩ። ቀና ስል በሯል። እሳቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው ሲዞሩ ምንም የለም። አሥራ አንድ ዓመት የጠበቁትን፣ ቡናማና ሰማያዊ የማልለየው እኔ አየሁት፤ እሳቸው አላዩትም። አፈርኩ። እንደዚያን ቀን የወደድኳቸው ጊዜ የለም።

ባዶውን ባርኔጣ አገላብጠው አዩት። «ቆንጆ ነበር?»

«በጣም።»

ሣሩ ላይ ተቀመጡና ከጎናቸው ቦታ ለቀቁልኝ።

«እስቲ ቁጭ በልና ንገረኝ» አሉ።