አድራሻ ያጣው ቦቴ

ላቀው ትናንት ሌሊት በሕልሙ ቤቶች ተሰልፈው አየ። ሰው ለቤት ሲሰለፍማ በእውኑም አይቶ ጠግቧል። እነዚህ ግን ቤቶቹ ራሳቸው ነበሩ። ቪላው፣ ፎቁ፣ ኮንቴይነሩ፣ አንዱ የሌላውን በረንዳ እየረገጠ፣ ካርታውን በብብቱ ሸጉጦ፣ ከላቀው ቦቴ ፊት ጀምሮ እስከ አስፋልቱ መታጠፊያ ድረስ ቆመዋል።

ሕልሙ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ሕልም ፈቺ አያስፈልግም። ላቀው የሽንት ቤት ፍሳሽ የሚመጥ ቦቴ አለው። ከሚስቱ ከአስካለ ጋር ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ሊያቋቁሙ ተነሥተው ስሙ ጸደቀላቸው፣ መተዳደሪያ ደንቡም ተጻፈ። የቀረው አድራሻ ብቻ ነው። የኮንዶሚኒየሙ ኮሚቴ ደግሞ «እስከ ዓርብ ተመዝግበህ ከመጣህ የዓመቱ ሥራ ያንተ ነው፤ ካልሆነ ለሌላ እንሰጣለን» ብሎታል። ሲተኛ ሐሙስ ነበር።

የላቀው ቢሮ የቦቴው ጋቢና ነው፣ ጸሐፊው ኪሱ ውስጥ ያለው ስልክ ነው። ሕጉ ግን ማኅበር ካርታ ባለው ቤት ውስጥ መቀመጥ አለበት ይላል። የሚኖርባት ሰርቪስ ክፍል እንዳትሆን ካርታ የላትም። የመዝገብ ቢሮዋ ወይዘሮ ሙሉእመቤት «ካርታ የሌለው ቤት ለእኛ ሜዳ ነው» ብለው ፋይሉን መልሰውለታል። ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ አንዲት ክፍል ፍለጋ ሲዞር ከረመ። አከራዮቹ የሥራውን ዓይነት እስኪሰሙ ድረስ ደጋግ ሰዎች ነበሩ። ሲሰሙ አንዱ ልጁ ከውጭ እንደሚመጣ ትዝ አለው፣ ሌላው «ክፍሉ ትናንት ተይዟል» አለ። የላቀውን ስልክ ቁጥር ግን ሁሉም ተቀብለዋል፤ ጉድጓዳቸው ሲሞላ ማን ሊጠሩ ነው? የመጨረሻዋ ሴትዮ እያነጋገረችው ነጠላዋን ወደ አፍንጫዋ ሳብ አደረገች። ላቀው እኮ ታጥቦ፣ ሽቶ ተቀብቶ፣ የሠርጉን ኮት ለብሶ ነበር። ከእንቢታው ይልቅ ያቺ ነጠላ አንገበገበችው፤ እራቱንም ሳይበላ ተኛ።

እንግዲህ በሕልሙ ቦቴው ሰብሳቢ ሆኗል። ላቀው ጸሐፊ ሆኖ ከጎኑ በርጩማ ላይ ተቀምጧል።

«ቀጣይ!» አለ ቦቴው።

ባለ አምስት ፎቅ የመስታወት ሕንፃ አጎንብሶ ቀረበ። ከድንጋጤው ብዛት አሳንሰሩ ጉሮሮው ላይ ቀርቷል።

«ጌቶቼ፣ ማኅበራችሁ እኔ ላይ ቢመዘገብ ለዘለዓለም ባለውለታችሁ ነኝ።»

«የሰው ቁጥርህ ስንት ነው?» አለ ቦቴው።

«አቤት?»

«የሰው ቁጥር! ማን ጋ ነው የምትገኘው?»

በዚያ አገር ለካ ቤት ነው በሰው የሚፈለገው። ሰዉ ሁሉ ግንባሩ ላይ የቆርቆሮ ቁጥር ተመቶበታል፤ ቤቶች ደግሞ አላፊ አግዳሚውን እያስቆሙ ቁጥሩን ያነባሉ። ላቀው የራሱን ግንባር ዳበሰ። «አዲስ» ይላል። ቁጥር ያልተሰጠው ቤት ሁሉ ወረቀቱ ላይ እንደዚያ ነው የሚጻፍለት። ጢሙ ሸብቶ አዲስ መባሉ ትንሽ ደስ አለው።

«እኔ እንኳ ከአስካለ ዝቅ ብዬ፣ ከጎረቤቷ ከጋሽ ተሰማ ጀርባ ነኝ» አለ ሕንፃው እየተቅለሰለሰ።

«ይኼ አድራሻ ነው? ሂድና ቁጥር ያለው ሰው ይዘህ ና!»

ከኋላ የቆመችው ቪላ ነገሩ ገባት። ወደ ላቀው ጠጋ ብላ ፖስታ አስጨበጠችው። ከፈት ቢያደርገው በረንዳዋ ተጣጥፋ ገብታለች። «ለሻይ ናት» አለችው በሹክሹክታ። ላቀው ኮስተር አለና ኪሱ ከተታት።

ባለነጠላዋ አከራይም ፎቋን ጎትታ ደረሰች። ቦቴው አጠገብ ስትደርስ ዓይኗን ጨፍና አየሩን ወደ ውስጥ ሳበች። «ኧረ ምን ዓይነት መዓዛ ነው! ምን ተቀብታችሁ ነው? እስቲ በእናታችሁ ነጠላዬ ላይ ጠብ አድርጉልኝ።» ላቀው የቱቦውን ጫፍ ይዞ በስስት ጠብ አደረገላት። «አይበቃሽም? ብዙ ወረፋ አለ እኮ።» እሷ ግን እየመረቀችው ሄደች። ከዚህ በላይ ደስታ አይቶ አያውቅም።

ደስታውን ሳይጨርስ ራሱን በመዝገብ ቢሮ አገኘው። ከመስኮቱ በስተውስጥ ያለው እሱ ነው። በስተውጭ ሠራተኞቹ ተሰልፈዋል። ወይዘሮ ሙሉእመቤት ወረፋ የያዙበትን ድንጋይ በእግራቸው እየገፉ መስኮቱ ጋ ደረሱ።

«ጌታዬ፣ ሲስተሙ ከጠዋት ጀምሮ አልጠፋም። ሠርተን ሠርተን ሞትን። እባክዎ ያጥፉልን።»

«ሲስተም አለ፣ ምን ላድርግ? ከእኔ አቅም በላይ ነው። ነገ ተመለሱ» አለ ላቀው። ቃሉ አፉ ላይ እንደ ማር ጣፈጠው።

«ትናንትም ነገ ብለውን ነበር።»

«እንግዲያው ኃላፊውን አነጋግሩ።»

ኃላፊው በግ ነበር። በዓል ስለደረሰ ሰው ሊገዛ ገበያ ወጥቷል አሉ።

ወይዘሮ ሙሉእመቤት እንባ ቀረሽ ሆኑ። ላቀው መስኮቱን ዘጋባቸው። ዞር ሲል ግን መልሶ መንገዱ ላይ፣ በርጩማው ላይ ነው። ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ቦቴው ደጋግሞ ጡሩምባውን ይነፋል።

«ሳይጨልም አንዱን ምረጥ! ካልመረጥህ ማኅበሩ ፈረሰ። አንተና አስካለም እንግዲህ ጎዳና ለጎዳና ነው።»

ላቀው ሰልፉን አየት አደረገ። ሁሉም ያንጸባርቃሉ፣ ሁሉም ይስቁለታል። መጨረሻ ላይ፣ ከኮንቴይነሮቹ ኋላ፣ አንዲት ትንሽ ነገር ቆማለች። ቆርቆሮዋ የዛገ፣ የአስካለ ልብስ ገመዷ ላይ እንደተሰጣ ያለች። የራሱ ሰርቪስ ክፍል ናት። አልተጋፋችም። ካርታ ስለሌላት የበሯን ቁልፍ በእጇ ይዛለች። ልጆቹ የተወለዱባት፣ ሲደክመው ገብቶ የሚወድቅባት ክፍል ናት።

«ላቀው፣» አለችው፣ «እኔ እንኳ ልመዘገብ አይደለም የመጣሁት። እራትህን ሳትበላ ወጣህ፤ ቀርቦልሃል ልልህ ነው።»

ሕንፃዎቹ ሁሉ ዞር ብለው አዩአት። የመስታወቱ ሕንፃ ጉሮሮውን ጠረገ። ላቀው ሊላት የፈለገው «ነይ፣ አንቺ ነሽ የኔ አድራሻ» ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ ሰው እያየው ነው። የሠርግ ኮቱን እጅጌ ወደ አፍንጫው ሳብ አደረገ።

«ክፍሉ ትናንት ተይዟል» አላት።

ምን ዓይነት መልስ እንደሆነ እሱም አላወቀውም። ክፍሏ ልብሱን ከገመዱ አወረደች፣ አጣጠፈች፣ እግሩ ሥር አስቀመጠችለትና መንገዱን ተሻግራ ሄደች። ሊጠራት አፉን ከፈተ፤ በምን ይጥራት? ቁጥር የላት። ሊከተላት ሲነሣ የወፍጮ ድንጋይ የሚያህል ማኅተም ከሰማይ ወርዶ ግንባሩ ላይ አረፈና ይጮኽ ጀመር። ጮኸ፣ ጮኸ፣ አላቆም አለ።

ስልኩ ነበር።

ላቀው ነቃ። ነግቷል። ክፍሏ እንዳለች ናት፤ አስካለም አጠገቡ ተኝታለች። እጁን ሰዶ ግድግዳውን ነካ፣ አፈረም። ለግድግዳ ይቅርታ እንዴት እንደሚባል ስላላወቀ ስልኩን አነሣ።

«አቶ ላቀው? በጠዋት ስለረበሽኩዎ ይቅርታ። ሙሉእመቤት ነኝ፣ ከመዝገብ ቢሮ።»

ዘሎ ተቀመጠ። «አቤት እመቤቴ! አድራሻውን ገና እየፈለግሁ...»

«አድራሻውን ይተዉት። ቦቴውን ይዘው ቶሎ ይምጡ። የቢሮው ሽንት ቤት ሞልቶ ኮሪደሩን አጥለቅልቆታል። ሠራተኛው ሁሉ ደጅ ቆሟል።»

«መጣሁ!» አለ ላቀው። አንድ እግሩን ሱሪው ውስጥ አስገብቷል።

«ደረሰኝ አለዎት አይደል? እኛ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነን፤ ካልተመዘገበ ድርጅት ጋር መሥራት አንችልም።»

ሁለተኛው እግሩ አየር ላይ ቀረ። «እመቤቴ፣ አልመዘግብም ያላችሁኝ እኮ እናንተ ናችሁ። የምኖርባት ክፍል ካርታ ስለሌላት።»

ከወይዘሮ ሙሉእመቤት ኋላ ሰው ሲጮኽ ይሰማል።

«እንቀበላታለን» አሉ። «በልዩ ሁኔታ። ሜዳም ቢሆን እንቀበላለን።»

አስካለ ቀና ብላ ተቀምጣለች። ላቀው እጇን ጥብቅ አድርጎ ያዘ።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ! እንግዲያው አሁኑኑ መዝግቡኝና መጥቼ ልምጠጥ።»

«እንዴት ብለን? ቢሮው ዝግ ነው እኮ።»

«እስከ መቼ?»

«እስኪመጠጥ ድረስ።»