የእትዬ ብርቄ ቡፌና የእኔ «ሁለት መቶ ዓመት»

ወገን፣ ዛሬ ቡፌ አዋረደኝ። አዎ፣ ቡፌ! የብርጭቆ ማስቀመጫው!

ታውቁኛላችሁ፣ ላሊበላ ጋይድ ነኝ። ባለፈው ሳምንት አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ይዤ አሸተን ማርያም ወጣሁ። ሰውየው የጥንት ፈርኒቸር ሊቅ ናቸው። እሳቸው በበቅሎ፣ እኔ በእግሬ፣ ዳገቱን ሙሉ ያወሩኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ድሮ ቻይናዎች ለአውሮፓ ገበያ ይሠሩት ስለነበረው የቤት ዕቃ።

«እግሩን እይ» አሉኝ። እግሩ ጎበጥ ብሎ ወርዶ ጫፉ ላይ ጥፍር ኳስ ከጨበጠ፣ የእንግሊዝ ስታይል ነው። ጥቁር አንጸባራቂ ቀለም ላይ የወርቅ ወፍና አበባ ካለ፣ የቻይና እጅ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ከተገኙ ቻይና ተሠርቶ ለአውሮፓ የተላከ ነው፣ ሁለት መቶ ምናምን ዓመት!

በቃ። ሊቅ ሆንኩ።

ዛሬ ጠዋት ጎረቤቴ እትዬ ብርቄ ደጅ አይሱዙ ቆሟል። ልጃቸው የሺ ወገል ጤና ከተማ ልትዳር ነው፣ ሠርጉ ነገ ነው፣ ዕቃዋ እየተጫነ ነው። ላግዝ ብዬ ገባሁ።

ቡፌውን አየሁት።

ጥቁር! የወርቅ ወፍ! እግሩ ጎበጥ ያለ! ጥፍር! ኳስ!!!

«አቁሙ!» ብዬ ጮህኩ። ተሸካሚዎቹ ደንግጠው ሊለቁት ነበር።

«እትዬ ብርቄ፣ ይሄ ቡፌ ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ ቤት ያለው?»

«ኧረ የቆየ ነው ልጄ!»

የቆየ! ሰምታችኋል አይደል?

እግሩ ሥር ተንበርክኬ ለሰፈሩ ገለጻ ጀመርኩ። ለአንድ ለአምስት ስብሰባ እንኳ እንዲህ ተሰብስበን አናውቅም! «ይሄ ቅርስ ነው፣ ከዚህ ንቅንቅ አይልም!» አልኩ። ከዚያም በገዛ እጄ (ይቺን ልብ በሉልኝ) ወረዳ ደወልኩ።

ሾፌሩ ጠብቆ ጠብቆ «ሌላ ጭነት አለብኝ» ብሎ የተጫነውን አራግፎ ሄደ። የሺ አለቀሰች። «ወንድሜ፣ ቡፌዋ የታሰረባት ሙሽራ ልታስብለኝ ነው?»

ምን አልኳት መሰላችሁ? «የሺ፣ ታሪክ ይቀድማል።»

ምላሴን በቆረጠው!

የወረዳው የቅርስ ባለሙያ መጣ። እግሩን አላየም። ወፉን አላየም። መሳቢያውን ስቦ አወጣና ገለበጠው።

ስቲከር!

ከነባርኮዱ።

«ሜድ ኢን ቻይና» ብሎ ጮክ ብሎ አነበበ። ጥጉን በጥፍሩ ጫር ቢያደርገው እንደ በሶ ተበተነ። ቺፑድ!

ግን እኮ አስቡት። ቻይና አልኩ፣ ቻይና ነው። ኤክስፖርት አልኩ፣ ኤክስፖርት ነው። የአውሮፓ ስታይል አልኩ፣ እሱም ነው። የሳትኩት ሁለት መቶ ዓመት ብቻ ነው!

(ፈረንጁ «መጀመሪያ ውስጡንና ጀርባውን እይ» ያሉኝ ይመስለኛል። ያኔ ዳገቱ ጠንቶብኝ የማዳምጠው ትንፋሼን ነበር።)

«እትዬ ብርቄ፣ የቆየ ነው አላሉኝም?»

«ታዲያ አልቆየም? ኩሽናው ሳይሠራ እኮ ነው የገባው፤ አራት ዓመት ሞላው!»

አጥር ጥግ ተቀምጠው ሲያዳምጡ የነበሩት የሰፈራችን መርጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ ቤተ ክርስቲያኖቹንም ለእንግዶቹ እንዲህ ነው የምታስረዳው?»

ሰፈሩ በሳቅ ፈነዳ። የሺ እንኳ እንባዋን እየጠረገች ሳቀች። እኔ ግን እውነት እላችኋለሁ፣ እዚያች ላይ ሆዴ ባባ። አሥራ አንድ ዓመት እንጀራ የበላሁት በዚህ አፌ ነው።

ለምኜ ሌላ አይሱዙ አገኘሁ። መንገድ ላይ እንዳይሰበር ቡፌውን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል ተባለ። ማን ይሆን?

ይኸው ይሄን የምጽፍላችሁ ጋሸናን አልፌ፣ ጭነት ላይ ቡፌ አቅፌ ነው። ወፉ ዓይን ዓይኔን ያየኛል።

አሁን ደግሞ ስልኬ ጮኸ። የሙሽራው አባት ናቸው።

«ልጄ፣ የሁለት መቶ ዓመት ቅርስ ይዘህ እየመጣህ ነው አሉን! ሳሎኑን ባዶ አድርገን፣ ሽማግሌዎቹን ሰብስበን እየጠበቅንህ ነው። ገለጻውንም የምታደርግልን አንተው ነህ አሉ።»

ወሬው ከአይሱዙው ቀድሞ ደርሷል! ማስተባበያው ግን ገና ላሊበላ ነው።

«እሺ አባቴ» ብዬ ዘጋሁት። እሺ!! ምን ነክቶኝ ነው?

ወገል ጤና እየደረስን ነው። ላይኩን ተዉትና ምከሩኝ፤ ከመግባቴ በፊት ስቲከሩን ልላጠው፣ ወይስ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ያግኙት?