በመዝገብ የኖሩት ኃላፊ

ከሥራ ሁሉ የላቀው ሥራ ትጋትን መለካት መሆኑን ለዓለም ያበሰሩት የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ናቸው። ከእሳቸው በፊት ሰው ትጉህ የሚባለው ሥራ ሲሠራ ነበር፤ ኋላ ቀር ልማድ። ኮምፒውተሩ ማን መቼ በይለፍ ቃል እንደገባበትና እንደወጣ በራሱ እንደሚመዘግብ በሰሙ ማግሥት ግን፣ «በመግቢያ መዝገቡ ላይ ብዙ ጊዜ የተገኘ ትጉህ ነው፤ ያልተገኘ እንደሌለ ይቆጠራል» የሚል መመሪያ አወጡ።

ሠራተኛው መመሪያ አክባሪ ነው። ይገባል፣ ይወጣል፤ ደግሞ ይገባል፣ ደግሞ ይወጣል። ባለጉዳይ በመስኮት ብቅ ሲል «ትንሽ ይታገሱ፣ እየገባሁ ነው» ይባላል። ኃላፊውም በራቸውን ዘግተው ጣታቸው እስኪዝል የይለፍ ቃላቸውን ሲመቱ ይውላሉ። ቦርዱ የዋና ሥራ አስኪያጅነቱን ወንበር ለትጉህ ሰው ሊሰጥ መሆኑን ሰምተዋል፤ ያን ወንበር በሕልማቸው ሳይቀር ይቀመጡበት ነበር።

የኮምፒውተር ባለሙያዋ ነገሩ አላምር ሲላት ቢሯቸው ገባች። አሮጌው መዝገብ በየጊዜው ተለይቶ ካልተቀመጠ፣ አዲስ ካልተከፈተና በጣም የቆየው ካልተሰረዘ ማከማቻው ይሞላል ብላ አስረዳች።

«የቱ ነው የሚሰረዘው?» አሉ ኃላፊው።

«የመጀመሪያው፣ ጋሼ። ለማንም አይጠቅምም።»

«እኔ አንደኛ የወጣሁበት?»

«እሱ።»

«እህቴ፣ ታሪክ አይሰረዝም። ቦታ ከጠበበ ሌላውን አንሺለት።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። በዚህ መሥሪያ ቤት ወረቀቱ በኮምፒውተር ተተክቷል፤ ሌላኛው ግን በሥራ ገበታው ላይ ነበር። ባለሙያዋም እንጀራዋ ነውና የባለጉዳዮቹን ሰነድ ወደ ሌላ ቦታ እያጋዘች ለታሪክ ቦታ ለቀቀች።

ቦርዱ በመጣ ቀን ማከማቻው ጢም ብሎ ሞላ። ሳይመዘገብ የሚገባ ሰው እንዳይኖር ኃላፊው አጥብቀው አዝዘው ነበርና መመዝገቢያ ቦታ ያጣው ኮምፒውተር ሁሉንም ከደጅ መለሰ። ሠራተኞቹ ሌላ የሚሠሩት ቢያጡ ባለጉዳይ ማስተናገድ ጀመሩ። እስክሪብቶ ተፈለገ፣ ማህተም አቧራው ተራገፈ፣ ወራት የፈጀ ሰልፍ ከምሳ በፊት አለቀ። ዓመት ሙሉ የተመላለሱ አንድ አባት ጉዳዬ አልቋል ብሎ ማመን አቅቷቸው፣ ሌላ መስኮት ሄደው አጣሩ።

ኃላፊው ይህን ሁሉ አላዩም። ዘግተው ተቀምጠው፣ ላብ እያጠመቃቸው፣ የይለፍ ቃላቸውን ይመቱ ነበር። እውነቱን ለመናገር ሊያለቅሱ ምንም አልቀራቸውም።

«ከጠዋት ጀምሮ እዚሁ ነኝ» አሉ ቦርዱ ፊት ሲቀርቡ።

«ማን አየዎት?» አሉ ሰብሳቢዋ።

ኃላፊው ወደ ሠራተኞቻቸው ዞሩ። ሠራተኞቹም መዝገብ ያልመሰከረውን እኛ መመስከር መመሪያ መጣስ ይሆንብናል አሉ።

ቦርዱ መከረ። የሠራተኞቹ መኖር ካለቁት ጉዳዮች ላይ በፊርማቸው ተረጋገጠ። ኃላፊው ስለመኖራቸው ግን የዕለቱ መዝገብ ባዶ ነበር፤ ከቀደሙት የመግቢያ መዝገቦች ውጭም በመሥሪያ ቤቱ ምንም ምልክት ሊገኝ አልቻለም። ስለዚህ ተወሰነ፦ «መሥሪያ ቤቱ ይህን ውጤት ያገኘው ኃላፊው በሌሉበት ዕለት በመሆኑ፣ አለመኖራቸው በቋሚነት እንዲቀጥል።»